የኮምቦልቻ ፓልም ለደሴ ብርድ፦ ችግኙ፣ መሸፈኛውና መድኃኒቱ ሲመዘኑ

ለደሴ ግቢ ፓልም የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። መውረዱም ያዋጣል፤ በመንገድ ዳር የተደረደሩት ችግኞች ወዛቸው ያምራል፣ ምርጫውም ሰፊ ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ከወጡ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ ተተክሎ በመስከረም ግቢውን ያደመቀ ለጋ ፓልም፣ ኅዳር ሲጋመስ ቅጠሉ የተጠበሰ ገለባ ይመስላል። ባለቤቱ በሽታ ነው ይላል፣ ሻጩ ውሃ አንሶት ነው ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ምስጥ ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውርጭ ነው።

እዚህ የሚመዘኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የኮምቦልቻ የችግኝ መሸጫዎች ለደሴ ገዢ የሚሰጡት አገልግሎት፣ ገበያ ላይ የሚገኙት መሸፈኛዎች፣ እና ከብርድ በኋላ ፓልም ለማዳን የሚሸጡት መድኃኒቶችና ማዳበሪያዎች። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ ለችግኙ ጤና 4 ከ5፣ ለዓይነት ምርጫ 3፣ ለገዢው ለሚሰጠው መረጃ ግን 1። ችግኙ በቁመቱ ይሸጣል፣ በቁመቱም ይገዛል። ለደሴ መገዛት ያለበት ግን በዓይነቱና ባደረበት ብርድ ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። ለሰው ይህ ጋቢ ደርቦ የሚያልፈው ልዩነት ነው። ችግኙ ግን ኮምቦልቻ 5 ዲግሪ ላይ የሚያድርበት ሌሊት ደሴ 1 ዲግሪ ላይ ያሳድረዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ቅጠል ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ 1 ወይም 2 እያሳየ ቅጠሉ ላይ አመዳይ የሚታየው ለዚህ ነው። ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ደሴም ብትሆን በሁሉም ሰፈር አንድ ዓይነት ብርድ የላትም። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተኝታለች፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ስለዚህ በቦርከና ወንዝ ዳር ያለ ሜዳማ ግቢ፣ ወገቡ ላይ ከተቀመጠ ተዳፋት ግቢ ይልቅ ውርጭ ይበዛበታል። ተዳፋት ግቢ ሆኖ በታችኛው በኩል ድፍን የግንብ አጥር ካለውም ያው ነው፤ አጥሩ ብርዱን እንደ ግድብ ያቁረዋል። እዚያ ጥግ ላይ ፓልም አይተከልም። የተሻለው ቦታ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የግንብ ግድግዳ ሥር ነው፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፣ የጣሪያው ክፈፍም ቅጠሉን ከሰማይ ይከልለዋል።

ወደ ደሴ የትኛው ዓይነት ይወጣል?

መሸጫዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም "ፓልም" ይሉታል። ስም የተጻፈበት ችግኝ ማግኘት ከባድ ነው፤ ትልቁ ድክመታቸውም ይኸው ነው። ገዢው ራሱ መለየት አለበት።

ለደሴ የሚታመኑት ፊኒክስ የሚባለው የካናሪ ደሴቶች ዘንባባና ዋሺንግቶኒያ ናቸው። ያደገ ካናሪ እስከ 7 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይቋቋማል። ቅጠሉ እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተሰነጠቀ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ያሉት አጫጭር ቅጠሎች ወደ እሾህነት ተቀይረው እጅ ይወጋሉ። ዋሺንግቶኒያ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሲሆን ሁለት ዓይነት አለው። የቅጠሉ ዘንግ ከሥሩ ቀላ ያለው ሮቡስታ ነው፤ እስከ 6 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል። ግንዱ የሚወፍረውና በቅጠሉ ጫፎች መካከል ነጭ ክር የሚበዛበት ፊሊፌራ ደግሞ ብርዱን ከዚያም በላይ ይችላል፣ ነገር ግን ክረምት ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ይቸገራል። ለደሴ ጥቁር ጭቃ መሬት ሮቡስታ ይሻላል። እነዚህ ቁጥሮች ሥር የሰደደ ትልቅ ዛፍን የሚመለከቱ ናቸው። የአንድና የሁለት ዓመት ችግኝ ልቡ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሀሉ፣ ከመሬት በስንዝር ከፍታ፣ ብርዱ በሚተኛበት ቦታ ላይ ስለሆነ የዚያን ግማሽ እንኳ ይችላል ብሎ መተማመን አይገባም።

በወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ለሆሳዕና ቅጠሉ በየግንባሩ የሚታሰረው የአገራችን ዘንባባ ቀላል ውርጭ ያልፋል፤ ቅጠሉ ቢቃጠል እንኳ ከሥሩ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ ተመልሶ ይመጣል። በጌጥ ተክል ገበያ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ግንዱ ጸጉራም የሆነውን የቻይናውን ትራኪካርፐስ ካገኙት አይለፉት፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ከዜሮ በታች የሚችል፣ ደጋ የሚወድ ዘር ነው።

ወደ ደሴ መውጣት የሌለበት የትኛው ነው? ግንዱ እንደ ሲሚንቶ ምሰሶ ለስላሳና ነጣ ያለው ሮያል ፓልም፣ 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ይጎዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሲያምር አይቶ ለደሴ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። ቢጫ ዘንግ ያለው አሬካ ከዚያም ይብሳል፤ ለደሴ የሳሎን ተክል ነው፣ ሳሎንም ውስጥ መስኮት ሥር አይቀመጥም። ኩዊን ፓልም መሀል ቤት ነው፤ ካደገ እስከ 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ሊያልፍ ይችላል፣ ለጋው ግን ሦስትና አራት ዓመት ጥበቃ ይፈልጋል። ሳይካስም "ፓልም" ተብሎ ይሸጣል፤ ፓልም አይደለም፣ ግን ለደሴ ጥሩ ነው። ቅጠሉ ቢቃጠል ከአናቱ አዲስ ክብ ቅጠል ባንዴ ያወጣል።

ችግኙን እጅ ላይ ይዞ መመርመር

ግንዱን ከሥሩ በሁለት ጣት ይያዙና በቀስታ ሽቅብ ያንሱት። ከረጢቱና አፈሩ አብረው ከተነሱ ችግኙ ያደገው እዚያው ነው። ግንዱ ብቻውን እንደላላ ጥርስ ከተነቃነቀ ከመሬት ተቆፍሮ ሰሞኑን ከረጢት ውስጥ የገባ ነው፤ አዲስ ሥር አላወጣም፣ ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ቀጥሎ የከረጢቱን የታች ቀዳዳ ይመልከቱ፦ ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለው ወፍራም ሥር ብቅ ካለ ጤና ነው፤ ጥቁርና ልፍስፍስ ከሆነ ውሃ በዝቶበት በስብሷል።

ከዚያ መሀሉን። እንደ አገራችን ዘንባባ ከሥሩ ብዙ ግንድ ከሚያወጡት በቀር፣ ፓልም እንደ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አያቆጠቁጥም፤ ግንድ አንድ፣ ልብ አንድ ነው። ከልቡ መሀል ተጠቅልሎ የቆመው ያልተፈታ ቅጠል፣ ከዚህ በኋላ ጥቅሉ የምንለው፣ አረንጓዴና ደረቅ ያለ መሆን አለበት። በጣት ሲነካ ካረጠበ ወይም ከሸተተ ዋጋው ቢቀነስም አይገዛም።

በመጨረሻ የቅጠሉን ዘንግ ይዩ። ከጥላ መረብ ሥር በዩሪያ የተገፋ ችግኝ ዘንጉ ረጅምና ቀጭን፣ ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴና ልል ነው። ይኸው ነው ሜትር ተኩል ሆኖ በውድ የሚሸጠው። 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ግንዱ ከሥሩ እንደ ሁለት አውራ ጣት የወፈረ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ያደገ ችግኝ ዋጋውም ያንሳል፣ የደሴንም ብርድ ይበልጥ ይችላል። ቁመት ልብን አይከላከልም፤ የሚከላከለው የግንዱ ውፍረትና በዙሪያው የተደራረበው የቅጠል እግር ነው።

ማጓጓዙ ላይ መሸጫዎቹ መጠነኛ ትጋት ቢያሳዩ መልካም ነበር። አይሱዙ ላይ ቅጠሉ ተበትኖ የተጫነ ችግኝ ሐረጎን ሲወጣ ነፋሱ ይገርፈዋል፤ በሁለተኛው ቀን የቅጠሉ ጠርዝ ይደርቃል፣ ይህም ቆይቶ "ብርድ ነው" ይባላል። ቅጠሉን ሽቅብ ሰብስቦ በሲባጎ ላላ አድርጎ ማሰርና በጨርቅ መጠቅለል 5 ደቂቃ አይፈጅም። በቅጠሉ ይዞ ማንጠልጠል ግን ልቡን ያላውሰዋል፤ የሚያዘው ከረጢቱ ነው።

መቼ ይተከል?

ልማዱ ሐምሌ ነው። ለፓልም ግን ሐምሌ ለደሴ የተሳሳተ ወር ነው ብለን እናምናለን። የፓልም አዲስ ሥር የሚወጣው ከግንዱ ሥር ነው፣ ለዚያም ሞቅ ያለ አፈር ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ አፈር ጭቃና ቀዝቃዛ ነው፤ ችግኙ ሥር ሳይሰድ ጥቅምት ይደርስበታል። የደሴ ሰው "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለውን ለራሱ አይረሳም፤ ለተክሉም ያስብለት።

የተሻለው በበልግ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መትከል ነው። እስከ ጥቅምት ስድስት ወር ከምናምን ያገኛል። የሚያስከፍለው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ ሲቋረጥ የሚጠጣውን ውሃ ነው፦ ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሹን።

ከመትከሉ በፊት ሦስት ሳምንት መለማመጃ ይሰጠው። አንደኛው ሳምንት ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፤ ሁለተኛው ግማሽ ቀን ፀሐይ፤ ሦስተኛው ሙሉ ቀን ውጭ፣ ሌሊቱንም ውጭ። ከጥላ መረብ ሥር ወጥቶ በቀጥታ የደሴ ፀሐይ ላይ የተተከለ ፓልም የቅጠሉ መሀል በነጭ ነጠብጣብ ይቃጠላል። ጉድጓዱ ሥሩን ከያዘው የአፈር እብጠት ሁለት እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከእብጠቱ አይብለጥ። ልቡ አፈር ከገባ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥርና ይበሰብሳል፤ ይህ ስህተት ከውርጭ ባልተናነሰ ፓልም ይገድላል።

መሸፈኛዎቹ

ሁሉም መሸፈኛ የሚሠራው በአንድ መንገድ ነው፦ አፈሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል፣ ጨርቁ ያንን ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ጨርቁ መሬት ድረስ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ብዙ ግቢ የሚታየው ስህተት አናቱን ጠቅልሎ ግንዱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። እንዲህ ሲታሰር ከታች የሚመጣው ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይገባ ተዘጋበት ማለት ነው፤ ፓልሙ ጨርቅ ለብሶ በውርጭ ይቃጠላል።

ከሁሉ የሚበልጠው አቡጀዲ ነው። ቀላል ነው፣ ይተነፍሳል፣ ይታጠባል፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ሦስት ሸምበቆ ወይም ቀጭን አጠና ከችግኙ ዙሪያ ይተከልና አናታቸው ይታሰራል፤ አቡጀዲው በሁለት ድርብ ከላዩ ይወረወርና ጠርዙ በድንጋይ ይያዛል። ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ይተዉ። የነካው ቅጠል ይቃጠላል፣ ያልነካው ይተርፋል፤ ጠዋት ገልጦ ያየ ሰው ቃጠሎው የጨርቁን እጥፋት ተከትሎ መሄዱን ያስተውላል። ነጥብ 5 ከ5።

ጆንያ ሙቀት በመያዝ ከአቡጀዲ አያንስም፤ ጉዳቱ ጤዛ ጠጥቶ መክበዱ ነው። የረጠበ ጆንያ ጥቅሉን ያጎብጠዋል፣ ንጋት ላይም ራሱ ይቀዘቅዛል። ግንድ ለመጠቅለልና ከረጢት ውስጥ ያለ ችግኝ ሥሩን ለማልበስ ግን ተወዳዳሪ የለውም። የከረጢት ችግኝ ሥሩ ከቅጠሉ ይልቅ ብርድ ይፈራል፤ ጥቁሩ ላስቲክ ሌሊት ምንም አይከላከልለትም። ችግኞቹን አጠጋግቶ፣ ከሲሚንቶ ወለል በጣውላ አንስቶ፣ ዙሪያውን በጆንያና በጭድ ማጠር ያሳድራቸዋል።

በየቤቱ ያለው ማዳበሪያ፣ ማለትም የእህልና የስኳር ከረጢቱ፣ በሸምበቆ ላይ ከተወጠረ መካከለኛ ነው። ጸሐይ ስለሚበላው በአንድ በጋ ይበጣጠስና ክሩ ልቡ ውስጥ ይገባል። 3 ከ5። አረንጓዴው የጥላ መረብ ለቀን ፀሐይ የተሠራ ነው፤ ሻጮች "ለብርድም ይሆናል" ቢሉም ቀዳዳው ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ብቻውን ለውርጭ ሌሊት አይበቃም።

ላስቲክ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ላቡ ቅጠሉ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ላስቲኩ የነካው ሁሉ ይጠቁራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ውስጡ እንደ ምድጃ ይሆናል። የግድ ከሆነ ከአቡጀዲው በላይ፣ ምንም ሳይነካ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ የሚነሳ መሆን አለበት።

የሚሸፈነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 3 ሰዓት ብርዱ ሲሰማ ተነስቶ መሸፈን የቀዘቀዘ አፈር ላይ ክዳን መክደን ነው። በዚያው ቀን እስከ እኩለ ቀን አፈሩ በደንብ ይጠጣ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ውሃው ግን ልቡ ላይ አይፍሰስ። ጭድ ካለበስከው መሬት የሚወጣው ሙቀት ይታፈናል የሚል ካለ ልክ ነው፤ ስለዚህ መሬት ላይ ለተተከለው በውርጭ ሰሞን ጭዱን ክንድ ያህል ገለጥ ማድረግ ይሻላል።

ሌላ ብዙ ወጪ የሌለው ነገር፦ ውሃ የሞሉ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ቀን ፀሐይ ላይ ያዋሉና ማታ ከጨርቁ ሥር ያስገቡ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያሉ ሙቀታቸውን ይለቃሉ። አምፖል ማብራት ይሠራል፣ ግን የድሮው ክር ያለው አምፖል ነው እንጂ ኤልኢዲ የሚረባ ሙቀት የለውም፤ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ከሰል ከጨርቅ ሥር ማስገባት ቃጠሎ ነው፣ አይሞከርም።

ከተቃጠለ በኋላ

መጀመሪያ ውርጭ መሆኑን ያረጋግጡ። ውርጭ የሚመታው ሰማይ የሚያየውን ቅጠል ነው፤ ከክፈፍ ወይም ከሌላ ቅጠል ሥር የተከለለው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን ቅጠሉ ውሃ እንደገባበት ጠቆር ብሎ ያሳልፋል፣ ከቀናት በኋላ ገለባ ይሆናል። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካወጡ የፖታሲየም እጥረት ነው። አዲሱ ቅጠል ትንሽና የተጨማደደ ሆኖ ከወጣ ማንጋኒዝ አንሶታል፤ ይህኛው ከብርድ ጋር ዝምድና አለው፣ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥሩ ማንጋኒዝ መሳብ ያቅተዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ከባዱ ሥራ መታገስ ነው። የተቃጠለ ቅጠል አይቆረጥም። ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል አሁንም ምግብ ይሠራል፤ ሙሉ በሙሉ የደረቀውም ለቀጣዩ ሌሊት የልቡ ጋቢ ነው። መቆረጥ ያለበት የካቲት ሲጋመስ፣ ውርጩ ማለቁ ሲረጋገጥ ነው፤ ያኔም ሙሉ የደረቀው ብቻ። በኅዳር ግቢውን ለማሳመር ተላጭቶ በታኅሣሥ ልቡ የሞተ ፓልም ማየት ያሳዝናል፤ በቀላሉ ይቀር ነበር።

በሳምንቱ ጥቅሉን በሁለት ጣት ይዘው ለስላሳ አድርገው ይሳቡት። ካልመጣ ጥሩ ነው። ተነቅሎ ከመጣና ሥሩ ቡናማ፣ የሚሸት ከሆነ ብስባሴ ገብቷል፤ ቢሆንም ገና አልሞተም። የበሰበሰውን በንጹሕ ማንኪያ ይጥረጉ፣ ከፋርማሲ የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግማሽ ሲኒ ቀዳዳው ውስጥ ያፍስሱ፤ አረፋው ሲቆም ያድርቁትና ዝናብም ጤዛም እንዳይገባበት ይከልሉት።

በማግስቱ የመዳብ መድኃኒት። እዚህ ላይ የእርሻ መድኃኒት መሸጫዎች መታረም ያለበት ልማድ አላቸው፦ "ለፈንገስ" ሲባሉ ማንኮዜብ ይሰጣሉ። ማንኮዜብ ለድንችና ለቲማቲም ዋግ ጥሩ ነው፤ ከብርድ በኋላ የፓልም ልብ የሚያበሰብሰው ግን ፈንገስ ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያም ነው፣ ማንኮዜብ ደግሞ ባክቴሪያ አይነካም። መጠየቅ ያለበት ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ወይም ኮፐር ሃይድሮክሳይድ ተብሎ በስሙ ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፤ ማሸጊያው ላይ ሌላ ካለ የማሸጊያው ይበልጣል። ልቡ ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ይፈስሳል፣ በ10ኛው ቀን ይደገማል፣ ከዚያ ይቆማል። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ መጨመር መዳቡ ራሱ አዲሱን ቅጠል እንዲያቃጥል ማድረግ ነው። ጓንት ይደረግ፣ ፊት ይሸፈን። ለዋጋውና ለውጤቱ 5 ከ5፤ ለሻጮቹ ምክር 2።

ማዳበሪያው ላይም እንዲሁ መጠንቀቅ ያሻል። የተጎዳ ፓልም ሲያዩ ዩሪያ መበተን የተለመደ ነው፤ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ሥሩ ባልነቃበት ብርድ ለስላሳ ቅጠል ይገፋል፣ ያም ቅጠል በቀጣዩ ውርጭ ይሄዳል። ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፎረስ፣ 7 ድኝ ነው፤ ፖታሲየም የለበትም። ፓልም ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ፖታሲየምና ማግኒዚየም ነው። እስከ መጋቢት ምንም አይጨመር። ከዚያ ሜትር ለማይሞላ ችግኝ አንድ ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት፣ ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድ ከግንዱ ስንዝር ርቆ ዙሪያውን ይበተንና ውሃ ይጠጣ። አመድና ዩሪያ ባንድ ቀን አይደባለቁ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። ማግኒዚየም ሰልፌት ከተገኘ በሊትር 10 ግራም በጥብጦ በየወሩ ቅጠሉ ላይ መርጨት አዲሱን ቅጠል ያጠናክረዋል።

ልቡ መኖሩን ለማወቅ ዓይን ብቻ ያታልላል። ቋሚ እስክሪብቶ ይውሰዱና በጥቅሉና አጠገቡ ባለው የቅጠል ዘንግ ላይ በአንድ ከፍታ አግድም መስመር ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች መጀመሪያ እኩል ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ይመልከቱ፦ የጥቅሉ መስመር ከዘንጉ መስመር በላይ ከወጣ፣ በ3 ሚሊ ሜትርም ቢሆን፣ ልቡ ይሠራል። በብርድ ወቅት ሳይነቃነቅ መክረሙ ያለ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ግን መንቀሳቀስ አለበት። መጀመሪያ የሚፈታው ቅጠል ጫፉ የተቆረጠ፣ የተጣጠፈና አጭር ሆኖ ቢወጣ አያስደንግጥ፤ ብርዱ ልቡ ውስጥ ገና ሳይወጣ ያገኘው ቅጠል ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሙሉ ይሆናል።

ለመሸጫዎቹ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየከረጢቱ ላይ የዓይነቱን ስም መጻፍ፣ ገዢው ወደ ደሴ እንደሚወጣ ሲናገር ሮያልና አሬካ አለመስጠት፣ ከቻሉም ለደሴ የሚሆነውን ከጥላ መረብ አውጥቶ ለብቻ ማሳደግ። በደሴዋ ጢጣ አካባቢ ወይም ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያሳለፈ ካናሪ ወይም ዋሺንግቶኒያ የሚያቀርብ ሰው ቢኖር፣ ዋጋው በእጥፍ ቢሆን እንኳ ከኮምቦልቻው ረጅም ችግኝ ይልቅ እሱን መግዛት ያዋጣል።

መስመሩ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተንቀሳቀሰ፣ ጥቅሉም ተነቅሎ ቀዳዳው ከሸተተ፣ ከሥሩ ቆፍረው ያውጡት። ጉድጓዱ ወዲያው ሌላ ፓልም አይተከልበት፤ አፈሩ ተገልብጦ ክረምቱን ይክረም፣ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ጠጠርና አሸዋ ከሥሩ ከመጨመር ይልቅ ቦታውን በአንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ይሻላል። ቀጣዩ ችግኝ በመጋቢት እዚያ መደብ ላይ ይተከል።